ጥቁሮቹ ነጥቦች ወርቅ አልነበሩም፦ ናሙና ለቲኢኤም ለምትልኩ ሁሉ

ናሙናችሁን አዘጋጅቶ፣ ፎቶ አንስቶ ለሚልክላችሁ ላብራቶሪ ልትከፍሉ ከሆነ እባካችሁ መጀመሪያ ይህን አንብቡ። እኔ ተሸውጃለሁ። የጠፋው ገንዘብ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ግን የውሸት ውጤት በስሜ ሊታተም ምንም አልቀረውም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስፋታቸው 20 ናኖሜትር የሆነ የወርቅ ቅንጣቶችን ለሴሎች ሰጥቼ ነበር። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ቅንጣቶቹ ሴሉ ውስጥ ገብተዋል ወይስ አልገቡም? ይህን ለማየት ቲኢኤም፣ ማለትም ኤሌክትሮን ናሙናውን አልፎ ምስል የሚሠራበት ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። እኛ ጋ መሣሪያው የለም። ስለዚህ «ከዝግጅት እስከ ምስል» የሚል አገልግሎት ለሚሸጥ አንድ ላብራቶሪ ላክሁ። ወርቅ የተሰጣቸውንም፣ ለማነጻጸሪያ ያለ ወርቅ ያደጉትንም ሴሎች ነው የላክሁት።

ከሳምንታት በኋላ 10 ፎቶ መጣልኝ። ያምራሉ። ሴሉ ውስጥ ጥቁር ነጥቦች ተበትነዋል። በደስታ ሌሊቱን ሙሉ ጽሑፉን ሳስተካክል አደርኩ። አማካሪዬ ግን ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ካዩ በኋላ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ወርቅ ያልተሰጠው የታለ?»

የለም። የከፈልኩት ለ10 ፎቶ ነው፤ 10ሩም የተነሱት ከአንዱ ናሙና ነው። ለማነጻጸሪያው ተጨማሪ ክፈል ተባልኩ። ከፈልኩ። ምስሉ ሲመጣ፣ ወርቅ በአጠገቡ ያላለፈው ሴልም በዚያው ጥቁር ነጥብ ተሞልቷል።

ያኔ ነው ፎቶዎቹን አጉልቼ በደንብ ያየሁት። የእኔ ወርቅ ክብ ነው፣ መጠኑም ተቀራራቢ ነው። እነዚህ ግን አንዱ ከ5 ናኖሜትር አይበልጥም፣ ጎኑ ያለው 100 ይደርሳል። ጠርዛቸው የተቦጫጨቀ ነው። ደግሞ ሴል በሌለበት ባዶ ሬዚን ላይ (ናሙናው በስሱ እንዲቆረጥ የሚቀበርበት ጠጣር ፕላስቲክ ነው) ሳይቀር ተዘርተዋል።

ምክንያቱን ስረዳ በጣም ነው ያዘንኩት፣ ምክንያቱም በቀላሉ ሊከላከሉት ይችሉ ነበር። የሴል ስስ ቁራጭ በቲኢኤም ሲታይ በጣም ፈዛዛ ነው። ጎልቶ እንዲታይ በዩራኒል አሲቴትና በሊድ ሲትሬት ይቀለማል። ሊድ ሲትሬት ውስጥ ያለው እርሳስ በአየር ላይ ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ሊድ ካርቦኔት ይሆንና ቁራጩ ላይ ይዘንባል። የሠሪው ትንፋሽ እንኳ ያበላሸዋል። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ በተከደነ ሳህን ውስጥ የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ፍሬዎች ያስቀምጣል፣ ጋዙን እነሱ እንዲመጥጡለት። ውሃውንም አፍልቶ ነው የሚጠቀመው። እርሳስም ወርቅም ከባድ ንጥረ ነገር ስለሆኑ ሁለቱም በምስሉ ላይ ጥቁር ናቸው። በጥቁረታቸው ብቻ አይለዩም።

ናሙናው የሚያወጣውን የኤክስሬይ ኃይል በሚለካ ትንተና ግን ይለያሉ። ወርቅ 9.7 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ፣ እርሳስ ደግሞ 10.6 አካባቢ ጫፍ ያሳያሉ። ይህን እንዲያዩልኝ ጠየቅሁ። «ጥቅሉ ውስጥ የለም» አሉኝ። ቁራጩ የተቀመጠበትን ግሪድ ላኩልኝ አልኳቸው። ጥለውታል! ዲያሜትሩ 3 ሚሊሜትር የሆነች ስስ የመዳብ ወንፊት ናት፤ በፖስታ ለመላክ ምን ይከብዳል? የሬዚን ብሎኮቼን ያገኘሁት ከብዙ ንዝንዝ በኋላ ነው።

አሁን መለስ ብዬ ሳስበው ምልክቱ ከመጀመሪያው ነበር። ምንም አልጠየቁኝም። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ናሙና ከመቀበሉ በፊት ያስቸግራችኋል። በምን ፊክስ ተደረገ፣ ማለትም ሴሉ እንዳለ እንዲቆይ በምን ኬሚካል ተያዘ? በስንት ደቂቃ ውስጥ? ባፈሩ፣ ማለትም የአሲድነቱን መጠን የሚጠብቀው ፈሳሽ፣ ምንድን ነው? ፎስፌት ከሆነ ከዩራኒል አሲቴት ጋር ተገናኝቶ ዝቃጭ ስለሚሠራ በደንብ መታጠብ አለበት። ፍሪዘር ውስጥ ገብቶ ነበር? ተራ ፍሪዘር የበረዶ ክሪስታል ፈጥሮ ሴሉን ይቀዳድደዋል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይጠግነውም። እነዚህን የማይጠይቅ ላብራቶሪ ካጋጠማችሁ ሽሹ።

ቲሹ የምትልኩ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። ፊክስ የሚያደርገው ኬሚካል፣ ግሉተራልዴሃይድ፣ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ቀስ ብሎ ነው። ለዚህ ነው ቁራጩ ከ1 ሚሊሜትር መብለጥ የሌለበት። ትልቅ ቁራጭ ከሆነ ወይም ፊክስ ማድረጉ ከዘገየ መሃሉ ላይ ያለው ማይቶኮንድሪያ (ለሴሉ ኃይል የሚያመነጨው ክፍል) ያብጣል፣ ውስጣዊ እጥፋቱም ይፈርሳል። ይሄ እኮ የመድኃኒት ጉዳት ይመስላል! አንድ ሰው የመዘግየትን ውጤት የመድኃኒቱ ነው ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

ስለ ውፍረትም ጠይቁ። ጥሩ ቁራጭ በቢላው ጀርባ ባለው ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ የብር ቀለም አለው፤ ይህም ከ60 እስከ 90 ናኖሜትር ማለት ነው። ወርቃማ ከሆነ ወፍሯል፣ ወይንጠጅ ከሆነ ጭራሽ አይሆንም።

ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ አስፈርሙ። ማነጻጸሪያው በዚያው ቀን፣ በዚያው ማቅለሚያ ተዘጋጅቶ በእኩል ቁጥር ይነሳ። ፎቶው የሚነሳበትን ቦታ ማን እንደሚመርጥ ይገለጽ፤ በከፍተኛ ማጉላት አንድ ፎቶ ከግሪዱ ላይ ጥቂት ማይክሮሜትር ብቻ ነው የሚያሳየው፣ የሚያምረውን ብቻ መርጦ መላክ በጣም ቀላል ነው። ጥሬ ፋይሉ ይሰጣችሁ፤ የተጨመቀ ጄፔግ አትቀበሉ። ግሪዱና ብሎኩም የእናንተ ነው።

ብሎኮቼን ሌላ ቦታ ወስጄ እንደገና አስቆረጥኳቸው፣ ይህኛውን ያለ ሊድ ሲትሬት። ምስሉ ፈዘዝ ያለ ነው። ማነጻጸሪያው ላይ አንድም ጥቁር ነጥብ የለም። ወርቅ የተሰጠው ላይ ግን በሽፋን የተከበቡ ትናንሽ ከረጢቶች ውስጥ ክብ ክብ ቅንጣቶች አሉ፣ ሦስት አራት ሆነው ተጠጋግተው። ከመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ጋር ሲነጻጸሩ በጣም ጥቂት ናቸው።

ገንዘቤን አልመለሱልኝም፤ ፎቶ ልከናል ነው መልሳቸው። በሬዚን ውስጥ ያለ ናሙና ለዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል። ስለዚህ የእናንተም ብሎክ እንዲህ ዓይነት ቦታ ካለ፣ ሳይጥሉት ዛሬውኑ ደውላችሁ አስመልሱት።