ኢማክስን ከቪዲዮ መማር፦ ከ11 ወር አጠቃቀም በኋላ

ኢማክስ የሚባለውን የጽሑፍ መጻፊያና ማረሚያ ፕሮግራም መማር የጀመርኩት ባለፈው መስከረም ነው። በእጄ የነበሩት 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ፣ በየሳምንቱ የምገዛው የዳታ ጥቅልና ኢንተርኔት ላይ ያገኘኋቸው ሦስት የቪዲዮ ትምህርቶች ነበሩ። ሥራዬ የአማርኛ ጽሑፍ ማረም ስለሆነ፣ መሣሪያውን የፈለግሁት ፕሮግራም ለመጻፍ ሳይሆን በ300 ገጽ ሰነድ ውስጥ አንድ ቃል በስንት ዓይነት ፊደል እንደተጻፈ በአንድ ጊዜ ለማየት ነበር። አሁን ሙሉ የሥራ ቀኔን የማሳልፈው በእርሱ ነው። መሣሪያውን ካስተማሩኝ ቪዲዮዎች ነጥዬ ልገመግመው ግን አልችልም፤ የወደድኩለትም የተቸገርኩበትም አብዛኛው ነገር ከአስተማሪዎቹ አካሄድ የመጣ ነውና።

ኢማክስ ዕድሜው ረጅም ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካው የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ቤተ ሙከራ ተሠራ፤ ዛሬ የምንጠቀምበትን ጂኤንዩ ኢማክስ ደግሞ ፕሮግራመሩ ሪቻርድ ስቶልማን በ1985 ለሕዝብ አወጡት። ይህ ዕድሜ በቃላቱ ላይ ይታያል። ሌሎች ፕሮግራሞች መቁረጥና መለጠፍ የሚሉትን እርሱ መግደልና ስቦ ማውጣት ይለዋል፤ ሌላው ሁሉ መስኮት የሚለውን ፍሬም ይለውና፣ መስኮት የሚለውን ስም በዚያ ፍሬም ውስጥ ለተከፈሉት ክፍሎች ይሰጣል። አንድ አስተማሪ ይህን ልዩነት በመጀመሪያው ቀን ካልተናገረ ተማሪው ለሳምንታት ሌላ ነገር እየሰማ ሌላ ነገር ያያል። ከዚህም በላይ መነገር የነበረበትና ከሦስቱ ትምህርቶች በአንዱ ብቻ የተነገረኝ ነገር አለ፦ በኢማክስ ውስጥ የምንጫነው ቁልፍ ሁሉ፣ ተራ ፊደልም ቢሆን፣ ስም ያለው ትዕዛዝ ያስፈጽማል። ይህ ከገባን በኋላ ቁልፎቹን የመሸምደድ ጭንቀት ይቀላል፤ ቁልፉ ቢረሳ ትዕዛዙን በስሙ መጥራት ይቻላልና።

የመጀመሪያው ትምህርት የጀመረው ከአስተማሪው ከራሱ ቅንብር፣ ማለትም ኢማክስን ለራሱ እንዲስማማ ካስተካከለበት ፋይል፣ ነበር። በእርሱ ስክሪን ላይ ፋይል ሲከፈት የሚያምር ዝርዝር ይወጣል፤ በእኔ ላይ ከታች አንድ ባዶ መስመር ብቻ ይጠብቀኛል። እርሱ የሚጫናቸው ቁልፎች ቪም የሚባለውን ሌላ የጽሑፍ ፕሮግራም አጠቃቀም በሚያስመስል ጥቅል (በኢማክስ ላይ በሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) የተለወጡ መሆናቸውን ያወቅሁት በአምስተኛው ክፍል ነው። በሁለተኛው ክፍል የቅንብር መስመሮቹን አንድ በአንድ ከስክሪኑ እየገለበጥኩ ጻፍኩ፤ የአንድ ቅንፍ መዝጊያ ረስቼ ኖሮ ኢማክስ በማግስቱ ሲነሣ የስህተት መልእክት አሳይቶኝ ግማሹን ቅንብር ሳያነብ ቀረ። ሁለት ምሽት በዚህ አለፈ። ፕሮግራሙን ያለ ምንም ቅንብር ማስነሣት የሚያስችል መንገድ፣ ማለትም በስሙ ላይ ሰረዝና ትልቁን ኪው ጨምሮ መጥራት፣ እንዳለ የነገረኝ ቪዲዮ አልነበረም። ለጀማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ግን ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቤቱን ቢያበላሽ እንኳ ወደ ባዶው ቤት የሚመለስበት በር እንዳለ ማወቅ ድፍረት ይሰጠዋል።

ዳታ ለመቆጠብ የቪዲዮውን ጥራት ወደ 360 ዝቅ አድርጌ ነበር የማየው። ለምግብ ዝግጅት ወይም ለንግግር ይህ ጥራት ይበቃል፤ ለጽሑፍ መሣሪያ ትምህርት ግን ፊደሉ ሁሉ ይደበዝዛል። ኢማክስ ከተጠቃሚው ጋር የሚነጋገረው በስክሪኑ የመጨረሻ መስመር ላይ ነው፤ ጥያቄው፣ መልሱ፣ የስህተቱ ምክንያት ሁሉ በዚያች ቀጭን መስመር ይጻፋል። የእንግሊዝኛው ንግግር እንዳያመልጠኝ የግርጌ ጽሑፉን ስከፍት የሚያርፈው በዚህች መስመር ላይ ነው። ልብ ብዬ ላንብባት ብዬ ቪዲዮውን ሳቆመው ደግሞ የማጫወቻው መቆጣጠሪያ መጥቶ ያንኑ ቦታ ይሸፍነዋል። ጥፋቱ የማንም ክፋት አይደለም፤ ነገር ግን አንድ አስተማሪ ከስክሪኑ በታች የሁለት ጣት ስፋት ያህል ባዶ ቦታ ትቶ ቢቀርጽ ችግሩ በሙሉ ይጠፋ ነበር። ፊደሉን የሚያጎሉት አስተማሪዎችም ቢሆኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጎሉት የሰነዱን ፊደል ብቻ ነው፤ የታችኛው መስመር እንደነበረ ትንሽ ሆኖ ይቀራል። ከ29ኛው እትም ጀምሮ ግን ሁሉንም በአንድነት የሚያጎላ ትዕዛዝ ስላለ ለዚህ ምክንያት የለም።

ያዳነኝ ሦስተኛው ትምህርት ነው። አስተማሪዋ ከባዶ ኢማክስ ተነሥታ፣ ኪካስት የሚባለውን ጥቅል ተጠቅማ የተጫነችውን ቁልፍና የትዕዛዙን ስም ጎን ለጎን በስክሪኑ ላይ ታሳያለች። ስትሳሳትም ቆርጣ አትጥለውም፤ ኮንትሮልና ጂን ተጭና ከገባችበት ስትወጣ እናያለን። በየክፍሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ቆም ብላ ኮንትሮል-ኤች ቀጥሎ ኬ ትጫንና አንድ ቁልፍ ምን እንደሚሠራ ራሱን ኢማክስን ትጠይቀዋለች። እኔም ቪዲዮውን እያቆምኩ ተመሳሳዩን መጠየቅ ለመድኩ፤ ከጥር በኋላ የአዳዲስ ትዕዛዞችን ትርጉም ፍለጋ ወደ ቪዲዮ የተመለስኩበትን ቀን አላስታውስም።

ቪዲዮ አንድ የማይታረም ጉድለት አለው። ጽሑፍ ሲያረጅ አንድ መስመር ማስተካከል ይቻላል፤ የ40 ደቂቃ ቪዲዮ ግን ሲያረጅ እንዳለ ይኖራል። ጥቅሎችን አደራጅቶ የሚያስገባው ዩዝ-ፓኬጅ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው 29ኛው እትም ውስጥ አብሮ ተካትቷል፤ ከዚያ በፊት የተቀረጹ ትምህርቶች ግን አሁንም ጀማሪውን በቅድሚያ እንዲጭነው ያዝዙታል። ቀጣዩን ቁልፍ የሚጠቁመው ዊች-ኪም እንዲሁ በ30ኛው እትም ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ቪዲዮ ከመምረጤ በፊት የተቀረጸበትን ዓመት አያለሁ።

አማርኛን በተመለከተ የገጠመኝ ነገር አስደስቶኛል። ኢማክስ የኢትዮጵያን ፊደል መያዝ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው 20ኛው እትም ሲሆን፣ ይህም ፊደላችን በ1999 ወደ ዩኒኮድ፣ የዓለም ፊደሎች በኮምፒውተር ወደሚወከሉበት የጋራ መለያ፣ ከመግባቱ በፊት ነው። ኮንትሮል-ኤች ቀጥሎ ኤች ስንጫን በዓለም ቋንቋዎች ሰላምታ የያዘ ገጽ ይከፈታል፤ ከእነዚያ ውስጥ አማርኛና ትግርኛ አሉ። ኢትዮፒክ የተባለው የአጻጻፍ ዘዴ ምንም ተጨማሪ ነገር ሳይጫን ይሠራል፤ በፍለጋ መካከል ላይ ሳለንም ልናበራው እንችላለን። ኦከር የሚባለው ትዕዛዝ አንድ ቃል ያለባቸውን መስመሮች ሁሉ ሰብስቦ ስለሚያሳየኝ፣ ፀሐይ በጸሎቱ ጸ የተጻፈበትን ወይም ሀብት በሐመሩ ሐ የመጣበትን ቦታ እንደ ድሮው ገጽ በገጽ አላድንም። ከተመለከትኳቸው ቪዲዮዎች መካከል ይህን የጠቀሰ አንድም አልነበረም፤ ከኢማክስ ጋር አብሮ የሚመጣው የጽሑፍ መለማመጃም የዕብራይስጥ ትርጉም ሲኖረው የአማርኛ ትርጉም የለውም።

በዚህ ምክንያት በሚያዝያ ወር ለሁለት የሥራ ባልደረቦቼ አምስት አጫጭር ቪዲዮዎችን በአማርኛ ቀረጽኩ። እያንዳንዱ ከስምንት ደቂቃ አይበልጥም፤ ፊደሉ በ360 ጥራትም እንዲነበብ ጎልቷል፤ ከታች ባዶ ቦታ ተትቷል። ቃል መምረጡ ከቀረጻው የበለጠ ጊዜ ወሰደብኝ። መግደል የሚለውን ትቼ ቆርጦ ማስቀመጥ አልኩ፤ ፍሬምና በፈር (የተከፈተ ጽሑፍ የሚያዝበት ቦታ) እንዳሉ ቀሩ፣ ምክንያቱም ተማሪው ነገ የእንግሊዝኛውን መመሪያ ሲከፍት ቃሉን ሊያውቀው ይገባል።

ከሁለቱ አንዷ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ፣ ለብዙ ዓመታት በእርማት ሥራ ላይ የቆዩ እመቤት ናቸው። ሦስተኛውን ቪዲዮ ካዩ በኋላ ደውለው አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ጽሑፋቸው እንደጠፋባቸው ነገሩኝ። ምን ተጭነው እንደነበር ስጠይቃቸው ኮንትሮልና ደብልዩ እንደሆነ፣ ትርጉሙንም ከራሱ ከኢማክስ ጠይቀው እንዳነበቡት፣ የጠፋውም በኮንትሮልና ዋይ እንደተመለሰላቸው ገለጹልኝ፤ የደወሉትም ይህ በቪዲዮው ውስጥ አለመኖሩን ሊያሳስቡኝ ነበር። ሦስተኛውን ክፍል በዚህ ሳምንት እንደገና እቀርጸዋለሁ።