የጨረቃን መሙላትና መጉደል ለልጆች ለማስተማር፦ ጠመኔ ወይስ ጭቃ?

ጅማ ላይ ለወላጅም ለመምህርም ቀላል የሆኑ ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ ጥቁር ወረቀትና ነጭ ጠመኔ ነው። ልጁ ማታ ማታ ጨረቃን አይቶ ያየውን ይስላል። ሌላው ጭቃ ነው። ድቡልቡል ኳስ ይሠራል፤ ሲደርቅ ግማሹን ነጭ፣ ግማሹን ጥቁር ይቀባል።

የጠመኔው ትልቁ ጥቅም ዓይን ማሠልጠኑ ነው። ከአንዱ አዲስ ጨረቃ እስከ ቀጣዩ 29 ቀን ተኩል ገደማ ነው። ልጁ ሥዕሎቹን ግድግዳ ላይ በተራ ሲለጥፍ ጨረቃ ስትሞላና ስትጎድል ራሱ ያያል። ደግሞ ጅማ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። ስለዚህ አዲሷ ቀጭን ጨረቃ አመሻሽ ላይ በምዕራብ በኩል አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጀልባ ጋደም ብላ ትታያለች። ከውጭ የሚመጡ መጻሕፍት ግን ብዙ ጊዜ ቆማ ነው የሚስሏት። ልጁ መጽሐፉን ሳይሆን ሰማዩን ይሳል! ችግሩ ክረምት ነው። የጅማ ደመና ጨረቃዋን ይደብቃታል።

ጭቃው ዝናብ አያግደውም። «ለምን?» የሚለውንም የሚመልሰው እሱ ነው። ኳሱ ጨረቃ፣ ነጩ ወገን ደግሞ ፀሐይ የሚያበራው ግማሿ ነው እንበል። ነጩን ወደ መስኮት አዙራችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ልጁ ዙሪያውን ይዙር። ከፊት ሙሉ፣ ከጎን ግማሽ፣ ከኋላ ጨለማ ያያል። ኳሱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው እሱ የሚያይበት ቦታ ነው። ብዙ ሰው፣ አዋቂም ጭምር፣ ጨረቃን የሚያጎድላት የምድር ጥላ ይመስለዋል። ጥላው የሚያርፍባት ግን በጨረቃ ግርዶሽ ጊዜ ብቻ ነው።

እኔ በበጋ ጠመኔውን አስቀድማለሁ። ልጁ «ለምን ጎደለች?» ብሎ ሲጠይቅ ያኔ ጭቃውን አምጡለት።