ቤርጎ፣ ፔንሲዮን ወይስ ሆቴል? ወሎ ሄዶ በአቅሙ አልጋ ለሚይዝ ሰው

ሐምሌ ላይ እናቴን ለሕክምና ደሴ ይዣት ሄድኩ። ሁለት ቀን ይበቃናል ብለን ነበር፤ ዘጠኝ ቀን ፈጀብን። በዘጠኙ ቀን ሦስት ቦታ አደርን። መጀመሪያ መናኸሪያ አካባቢ ያገኘነው ቤርጎ፣ ቀጥሎ ሆቴል፣ በመጨረሻ ፔንሲዮን። ሦስቱንም ስመርጥ የጠየቅኩት ዋጋ ብቻ ነው። ስህተቴም እሱ ነበር። ከዋጋው በፊት መጠየቅ የነበረብኝ፣ ይህ ቤት የሚተዳደረው በምንድን ነው የሚለውን ነው። ከአልጋው ነው ወይስ ከሌላ ነገር?

የነጋዴ ጥያቄ ሊመስላችሁ ይችላል። ግን ሌሊት እንቅልፍ ይወስደኛል ወይ፣ ጠዋት ውሃ አገኛለሁ ወይ፣ ነገም ክፍሉ የኔ ነው ወይ ለሚለው ሁሉ መልሱ ያለው እዚያ ነው። ለሕክምና፣ ለሥራ፣ ለንግሥ ወይም ለለቅሶ ወደ ወሎ የምትሄዱ ሰዎች እኔ የከፈልኩትን እንዳትከፍሉ ሦስቱን ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ።

ከቤርጎ ልጀምር። ቃሉ ከጣሊያንኛው "አልቤርጎ" የመጣ ነው፤ ማደሪያ ማለት ነው። በእኛ አገር ግን ቤርጎ ሲባል ብዙ ጊዜ ከፊት መጠጥ ቤት ወይም ምግብ ቤት፣ ከጓሮ በረድፍ የተሠሩ ክፍሎች ማለት ነው። ገንዘቡ የሚገባው ከፊት ነው፣ ከቢራውና ከጥብሱ። አልጋው ለባለቤቱ ተጨማሪ ገቢ ነው። ስለዚህ ይረክሳል። ማታ 5 ሰዓት ላይ ሙዚቃው ይቀነስልኝ ብትሉ የማይቀነሰውም ለዚሁ ነው። ቤቱን የሚያኖረው የሚጠጣው ሰው እንጂ የሚተኛው አይደለም።

የእኛ ክፍል ከመጠጥ ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራ ነበር። እናቴ መቁጠሪያዋን ይዛ ቁጭ ብላ አነጋች። አልጋ የምታነጥፈው ልጅ አንጀቷ ተላወሰ። "እማማ፣ ብርድ ልብስ ልደርብልዎ?" እያለች ሁለቴ መጣች። ሙዚቃው ላይ ግን ሥልጣን የላትም። ታማሚ ይዞ እንደዚያ ዓይነት ቤት መግባት የኔ ጥፋት ነው፤ ቤቱማ የተሠራው ለሌላ ሰው ነው።

ለማን ቢባል፣ ማታ 3 ሰዓት ደርሶ ንጋት 11 ሰዓት ላይ አውቶቡስ ለሚይዝ መንገደኛ፣ ለሹፌር፣ ዕቃ ጭኖ ለሚያልፍ ነጋዴ። ለእነሱ መናኸሪያ አጠገብ ያለ ቤርጎ ከየትኛውም ሆቴል ይሻላል። ለስድስት ሰዓት እንቅልፍ የሙሉ ቀን ዋጋ መክፈል ምን ይሠራል? ብቻ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ። በሩ ከውስጥ ይቀረቀራል? ሽንት ቤቱ ስንት በር ራቅ ይላል፣ መብራትስ አለው? ከዚያ አንሶላውን ግለጡና የፍራሹን ጠርዝ፣ ስፌቱን ተመልከቱ። ትንንሽ ጥቁር ነጠብጣቦች ካሉ ትኋን አለ ማለት ነው። አመስግናችሁ ውጡ። ክፍል አይቶ መውጣት ነውር አይደለም።

በሁለተኛው ቀን ወደ ሆቴል ዞርን። ንጹሕ ነው፣ ጀነሬተር አለው፣ ሙቅ ውሃ አለው፣ ምግብ ቤቱ እዚያው ነው። እናቴ የመጀመሪያዋን ጥሩ እንቅልፍ የተኛችው እዚያ ነው። ሁለት ነገር ግን አላወቅኩም ነበር።

አንደኛው ሒሳቡ ነው። የተነገረኝ ዋጋ "ፕላስ ፕላስ" ኖሯል። ለምሳሌ ክፍሉ 1,000 ብር ቢባል፣ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ሲጨመር 1,100 ይሆናል። በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲመጣ 1,265። በአንድ ሌሊት ብዙ አይመስልም። አምስት ሌሊት ላደረ ሰው ግን 1,325 ብር ልዩነት ነው፤ አንድ ተጨማሪ ሌሊት ያስተኛል። "ከነታክሱ ስንት ነው?" ብሎ መጠየቅ አንድ አፍታ ነው። የመሥሪያ ቤት አበል ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ቫት ያለው ደረሰኝ የግድ ስለሚያስፈልጋችሁ ሆቴሉ ይሻላችኋል።

ሁለተኛው ይብሳል። እንዲህ ያሉ የክፍለ ሀገር ሆቴሎችን ቀጥ አድርጎ የያዛቸው የግል እንግዳ አይደለም። አዳራሹ ነው። ስብሰባ፣ ሥልጠና፣ ሠርግ። አንድ ድርጅት ለአምስት ቀን ሠላሳ ክፍል፣ አዳራሽ፣ የሻይ ሰዓትና ምሳ አብሮ ይይዛል። እኔ አንድ ክፍል ይዣለሁ። በአራተኛው ቀን ጠዋት "ክፍሉ ለሥልጠና ተይዟል፣ እስከ 5 ሰዓት ልቀቁልን" ተባልን። እናቴ የደም ምርመራ ውጤት እየጠበቀች ነበር። ተናደድኩ፣ ተከራከርኩ፣ ሻንጣ ተሸክሜ ወጣሁ። ክፉ ሰዎች ሆነው አይመስለኝም። ገቢያቸው ከየት እንደሆነ ያውቃሉ፤ ያላወቅኩት እኔ ነኝ። ሆቴል የምትይዙ ከሆነ የምታድሩበትን ቀን ሁሉ መጀመሪያውኑ ተናግራችሁ አስመዝግቡ። "ዛሬን ልደር፣ ነገ እናያለን" ሆቴል ላይ አይሠራም።

ፔንሲዮኑን የጠቆመን ባለባጃጁ ነው። ጸጥ ያለ መንገድ ላይ፣ አጥር ግቢ፣ አሥራ ሁለት ክፍል። ባር የለም፣ አዳራሽ የለም፣ ምግብ ቤት የለም። የሚሸጡት አልጋ ብቻ ነው። አልጋው ከተበላሸ የሚተዳደሩበት ሌላ ነገር የላቸውም። ይህ ከግቢው በር ጀምሮ ይታያል። ባለቤቷ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ እናቴ ደረጃ መውጣት እንደማትችል አይተው ሳንጠይቃቸው ምድር ቤት 3 ቁጥርን አስለቀቁልን። ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ቡና ይፈላል። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪያልቅ ማንም አይነሳም። ከመቅደላ፣ ከወረኢሉ፣ ከሐይቅ ታማሚ ይዘው የመጡ ሰዎች ነበሩ። ሐኪሙ ምን አለ፣ መድኃኒቱ የት ይገኛል፣ ሁሉ እዚያ ይወራል። ይህን የትኛውም ሆቴል አይሰጣችሁም።

ጉድለቱንም ልናገር። ግቢው ማታ 4 ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ካመሻችሁ ጥበቃውን መቀስቀስ አለባችሁ። ጀነሬተር አልነበረም። ሻወሩ በኤሌክትሪክ ስለሚሞቅ መብራት ሲጠፋ ውሃው ቀዝቃዛ ነው። ቧንቧ ሲጠፋ ሮቶው ውስጥ ያለው ብቻ ነው የሚቀረው። ቁርስም የለም። ምሳና እራት ከውጭ ስለሆነ በዋጋው ላይ የምግቡን ደምሩበት። ስለ ምግብ ካነሳሁ አይቀር፣ ወሎ ላይ የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ቤት የተለየ ነው። ያስተናገዷችሁ ሰዎች ሳትጠይቋቸው ይነግሯችኋል። እናንተም ብትጠይቁ ማንም ቅር አይለውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ በተለይ ቤተሰብ ለሚይዝ። በሩ ላይ "ፔንሲዮን" የሚል ጽሑፍ መኖሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በሰዓት የሚያከራዩም በዚያው ስም ይሠራሉ። መለየት ቀላል ነው። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት አካባቢ ሂዱና ግቢውን እዩት። ሻንጣ የያዘ ሰው፣ የተሰጣ አንሶላ፣ የሚጫወት ሕፃን ካለ ግቡ። መታወቂያ አይተው መዝገብ ላይ የሚጽፉ ከሆኑም ጥሩ ምልክት ነው። መታወቂያ የማይጠይቅ ቤት አጠገባችሁ ማን እንደተኛ አያውቅም።

ይህን ሁሉ ስል በሌላው ዓለም ያሉት ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ሞቴሎች ትዝ ይሉኛል፣ ቼይን የሚባሉት። "ሞቴል" የሚለው ቃል ራሱ የመጣው በ1925 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ለመኪና ተጓዦች ከተከፈተ ማደሪያ ነው። በ1962 ደግሞ እዚያው ካሊፎርኒያ ሞቴል 6 ተከፈተ። ቁጥሩ የአንድ ሌሊት ዋጋ ነው፣ 6 ዶላር። በ1974 ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ ሱፐር 8 መጣ። እሱም 8 ዶላር ከ88 ሳንቲም ስለነበር ነው ስሙ። እነዚህ ቤቶች ያደረጉት የእትዬን ፔንሲዮን ነው፤ አዳራሹን፣ ባሩን፣ ምግብ ቤቱን ትተው አልጋ ብቻ መሸጥ። የጨመሩት ነገር አንድ ከተማ ያገኛችሁትን አልጋ ሌላው ከተማ ላይም ማግኘታችሁ ነው።

አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። ብዙዎቹ ኩባንያዎች ሕንፃው የራሳቸው አይደለም። ሕንፃው የግለሰብ ነው። ግለሰቡ ከአልጋ ገቢው በመቶኛ እየከፈለ ስሙን፣ ደንቡንና የቦታ ማስያዣ ሥርዓቱን ይከራያል። ተቆጣጣሪ ይመጣበታል። ጉዳቱም እዚያው ላይ ነው። ባለቤቱ ስለሚለያይ በአንድ ስም ሥር ጥሩውም መጥፎውም አለ። በ2024 እ.ኤ.አ. ሞቴል 6ን በ525 ሚሊዮን ዶላር የገዛው ኦዮ የሚባለው የሕንድ ኩባንያ ነው። ኦዮ በ2013 ሥራ ሲጀምር የያዘው ልክ እንደኛ ፔንሲዮን ያሉ፣ ስም የሌላቸው ትንንሽ ማደሪያዎችን ነበር። ስም ሰጣቸው፣ አንሶላና ሻወሩን አንድ ዓይነት አደረገ፣ በስልክ አስያዘላቸው።

እኛም ዘንድ ባለ ቅርንጫፍ ሆቴል አዲስ ነገር አይደለም። የላሊበላው ሮሃ፣ የጎንደሩ ጎሃ፣ የባሕር ዳሩ ጣና በአንድ ወቅት በመንግሥት የጊዮን ሆቴሎች ድርጅት ሥር ነበሩ። ግን ለቱሪስት የተሠሩ እንጂ ታማሚ ይዞ ለሚመጣ ገበሬ አልነበሩም። ዛሬ ኮምቦልቻ ላይ የተኛሁበትን ዓይነት ርካሽ አልጋ ወልድያም አገኛለሁ ብዬ የማምነው ስም የለኝም። የተቆጣጣሪውን ሥራ እኛው መሥራት አለብን፣ በየከተማው እንደገና።

ከተማውም ይለያያልና። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፣ ጦሳ ተራራ ሥር። ክረምት ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል። እዚያ ስትገቡ የምትፈትሹት ሙቅ ውሃና ብርድ ልብስ ነው። "ሙቅ ውሃ አለ" ሲሏችሁ አትመኑ፤ ቧንቧውን ክፈቱና እጃችሁን አስገቡ። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ ግን ወደ 1,850 ሜትር ትደርሳላችሁ፣ አየሩም ሌላ ይሆናል። እዚያ የምትጠይቁት አጎበርና መስኮቱ በደንብ መዘጋቱን ነው፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር የወባ ወቅት ስለሆነ። አውሮፕላን የሚያርፈውም፣ በ2009 ዓ.ም. የተከፈተው የኢንዱስትሪ ፓርክም ኮምቦልቻ ነው። ስለዚህ የሥራ እንግዳ ይበዛባታል። ደሴ ላይ ጉዳይ እያላችሁ ኮምቦልቻ ለማደር አታስቡ። ታማሚ ይዞ ያንን ዳገት በየቀኑ መውጣት፣ ያውም በክረምት ጉም፣ ከአልጋው ዋጋ በላይ ያደክማል።

ወልድያ የመተላለፊያ ከተማ ናት፤ ወደ መቀሌም ወደ ላሊበላም የሚሄደው ያልፍባታል። አንድ ሌሊት ነውና ደህና ቤርጎ ይበቃል።

ላሊበላ ሌላ ዓለም ነው። ለገና፣ ታኅሣሥ 29፣ አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ሊሳለም የሚመጣው ሕዝብ ከተማውን ይሞላዋል። አልጋም ዋጋውም ያኔ አይያዝም፤ ከወራት በፊት ያልያዘ ሰው ድንኳን ወይም የዘመድ ቤት ነው ተስፋው። ከገና ውጭ፣ በተለይ ክረምት ላይ፣ ነገሩ ግልባጭ ነው። ከጦርነቱ ወዲህ የውጭ እንግዳ ስለቀነሰ ለቱሪስት የተሠሩ ጥሩ ክፍሎች ባዶ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። በትሕትና ተነጋገሩ፤ ለአገር ሰው ይቀንሳሉ። ግን ከልክ በላይ አትከራከሩ። እነዚህ ሰዎች ብዙ አጥተዋል። ደሴና ኮምቦልቻም ቢሆን በ2014 ዓ.ም. ብዙ ማደሪያዎች ተዘርፈው ከፍራሽ ጀምሮ እንደ አዲስ የገዙ ናቸው። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ማረጋገጡንም አትርሱ። ይህንንም ቢሆን ከማንም በላይ የሚያውቁት ማደሪያ ቤቶቹ ናቸው፤ እንግዳቸው የሚመጣው በመንገዱ ነውና።

ለእኔ ዓይነቱ ሰው፣ ቤተሰብ ይዞ ከሁለት ሌሊት በላይ ለሚያድር፣ ሳላወላዳ የምመክረው ፔንሲዮን ነው። የመብራቱን ነገር በባትሪና በፔርሙዝ ትችሉታላችሁ። የእንቅልፉን ነገር ግን በምንም አትተኩትም።

የእናቴ ቀጣይ ቀጠሮ ለኅዳር ነው። ባለፈው ሳምንት ለእትዬ ደውዬ 3 ቁጥርን ያዙልኝ አልኳቸው። ቀብድ በቴሌብር ልላክ ወይ ብላቸው፣ "እሱ ይደርሳል፤ ይልቅ እናትህ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል አሁን?" አሉኝ።