ጉግል ካላንደርና ቱዱኢስት፦ ወር መጨረሻን የማይስተው የትኛው ነው?

የትንንሽ ድርጅቶችን ሒሳብ ከቤቴ ሆኜ ነው የምሠራው። የደመወዝ ቀን አለ፣ የግብር ቀን አለ፣ ደንበኛ ደረሰኝ የሚልክበት ቀን አለ። ሁሉም በየወሩ ዞሮ ይመጣል። ስለዚህ የካላንደር አፕ ሳይ መልኩ ብዙም አያስጨንቀኝም። የሚደጋገም ሥራን እንዴት ይይዛል? መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

አሁን ሁለት አፕ እጠቀማለሁ። ሰዓት ያለው ነገር ሁሉ ጉግል ካላንደር ላይ ይገባል። ሰዓት የሌለው ግን መሠራት ያለበት ነገር ቱዱኢስት ላይ። አንዱ አይበቃም ወይ? ለብዙ ሰው ይበቃል። ለእኔ ሥራ ግን አይበቃም።

ጉግል ካላንደር በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ ለሶፍትዌር ሽማግሌ ነው ማለት ይቻላል። ስልኬ ላይ የመዘገብኩትን ላፕቶፔ ላይ አገኘዋለሁ። ደንበኛ በሌላ አፕ ቢጋብዘኝም ቀጠሮው እኔ ጋ ይገባል። ሌላ አገር ካለ ሰው ጋር የምትሠሩ ከሆነ ሁለተኛ የሰዓት ቀጠና ከጎን የምታሳየዋን ነገር ከሴቲንግ አብሯት። «በእናንተ ሰዓት ነው በእኛ?» ከሚለው ንዝንዝ ትገላግላለች።

ወር መጨረሻ ላይ ግን ጣጣ አለ። በፈረንጆቹ ወር ነው የማወራው። አንድን ሥራ «በየወሩ በ31» ብላችሁ ብትመዘግቡ፣ 31 የሌለውን ወር ዝም ብሎ ይዘለዋል። ፌብሩዋሪ የለም፣ ኤፕሪል የለም፣ ጁን የለም። ብልሽት አይደለም፤ የካላንደር ሶፍትዌሮች የሚከተሉት የጋራ ደንብ የሌለ ቀን ይዘለል ስለሚል ነው። ደመወዝ ለሚጠብቅ ሠራተኛ ይህን ደንብ ማን ያስረዳዋል? መላው ቀላል ነው። ሥራውን ወር በገባ በ1 አድርጉት፣ በየወሩ ይደገም በሉት፣ ማስታወሻውን አንድ ቀን ቀድሞ እንዲመጣ አዙሩት። ወሩ 28 ይሁን 31፣ ደወሉ የመጨረሻው ቀን ላይ ያርፋል።

ቱዱኢስት ይህን መላ አይፈልግም። «ኤቭሪ ላስት ዴይ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። እኔ ከሁሉ የምወድለት ግን ሌላ ነገር ነው። ከፈለግኩ ቀጣዩን ዙር ሥራውን ከጨረስኩበት ቀን ጀምሮ ይቆጥርልኛል። «ኤቭሪ» ካለ በኋላ ቃለ አጋኖ መጨመር ብቻ ነው። ፋይሎቼን በየሦስት ወሩ ወደ ሌላ ዲስክ እገለብጣለሁ። አንዱን ዙር ሳምንት ባሳልፈው ቀጣዩም በዚያው ልክ ይገፋል። ካላንደር ግን የቀደመውን ሠራችሁም አልሠራችሁም ቀኑ ደረሰ ይላችኋል። የቱዱኢስት ጉድለቱ የሚጻፍለትን ቀን በአማርኛ አለመረዳቱ ነው። የሥራውን ስም በአማርኛ፣ ቀኑን በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ነው፣ ግን ይሠራል።

ካላንደሩ ውስጥ ታስክስ የሚባለው የጉግል የሥራ ዝርዝር እያለ ሌላ አፕ ምን ያደርጋል የምትሉ ትኖራላችሁ። ለአጭር ዝርዝር ታስክስ ጥሩ ነው። ግን ኮከብ ከመለጠፍ ውጭ የቅድሚያ ደረጃ የለውም። ቱዱኢስት አራት ደረጃ አለው። የግብር ሥራና የቀለም ካርትሬጅ መግዛት እኩል ሲደረደሩ ማየት አልወድም።

ስለ ደወል ደግሞ። ጉግል ካላንደር ለአንድ ቀጠሮ እስከ 5 ማስታወሻ ይፈቅዳል። ስለተፈቀደ ብላችሁ አትደርድሩት። ጣት ደወል ማጥፋት ይለምድና ዓይን የተጻፈውን ማንበብ ያቆማል። እኔ ለስብሰባ 15 ደቂቃ ሲቀረው አንዴ፣ ሰነድ ለሚፈልግ ነገር ደግሞ ከአንድ ቀን በፊት አንዴ፣ በቃ። ደወሉ መምጣት ያለበት ሥራውን መሥራት በምችልበት ሰዓት ነው። «ባንክ ደውል» የሚል ማስታወሻ ማታ ቢመጣ ምን ላድርገው?

ማስታወሻ ከዘገየ ወይም ጭራሽ ከቀረ ሁልጊዜ ጥፋቱ የአፑ አይደለም። አንዳንድ አንድሮይድ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ብለው አፑን ያስተኙታል። የቀድሞ ስልኬ እንዲህ ያደርግ ነበር። ሴቲንግ ገብቼ ለካላንደሩ የተጣለውን የባትሪ ገደብ ሳነሳው ተስተካከለ። አንድ ኮከብ ሰጥታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት እሱን እዩት።

የማጋራት ነገሩም ተመችቶኛል። ደንበኞቼ ካላንደሬን ያያሉ፤ የሚያዩት ግን ሰዓቱ የተያዘ ወይም ክፍት መሆኑን ብቻ ነው። ባለቤቴ ዝርዝሩን ያያል፣ ማስተካከልም ይችላል። ይችላል ስላችሁ ያደርገዋል ማለቴ ነው። ቅዳሜ ጠዋት የያዝኳትን የፀጥታ ሰዓት ወደ እሑድ እየገፋ ያስቸግረኛል። ፈቃዱን ወደ «ማየት ብቻ» ላወርደው እያሰብኩ ነው።