መዳቡ ወርቅ፣ መመሪያው መርዝ፦ የራክ ኧርዝ ኪት እንዳየሁት

ራክ የኔትወርክ መሣሪያ የሚደረደርበት የብረት መደርደሪያ ነው፤ ይህ ኪት ደግሞ ራኩን ከኧርዝ፣ ማለትም ከመሬት ጋር ከሚያያይዘው መስመር፣ ለማገናኘት የሚሸጥ ዕቃ ነው። ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቼዋለሁ። አንዱን ኮከብ ያሳጣው ሽቦው ነው፣ ሌላውን መመሪያ ወረቀቱ። ወረቀቱን እንዲያውም በሁለት ኮከብ ብቀጣው ደስ ይለኝ ነበር።

ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ኔትወርክ እጠብቃለሁ። ክፍሌ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ናት፤ ሁለት ራክ፣ አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ)፣ ከታችም ከላይም የሚመጡ ሺልድ (የብረት ሽፋን) ያላቸው ኬብሎች። መብረቅ በበረታ ቁጥር ኬብሎቹን እርስ በርስ ከሚያገናኘው መሣሪያ፣ ከስዊቹ፣ አንድ ሁለት ፖርት (የኬብል መሰኪያ) ይሞትብኛል። አንድ ቀን ራኩን በአንድ እጄ ተደግፌ በሌላው የኬብሉን ጫፍ ብነካ ነዘረኝ። ቴስተር አውጥቼ በራኩና በኬብሉ ሺልድ መካከል ስለካ 96 ቮልት ኤሲ አነበብኩ። የሕንፃውን ኤሌክትሪክ የሚይዙት ጋሼ መጥተው ሶኬቱን ሲከፍቱት የኧርዝ ሽቦው ከቦታው ወልቆ ተንጠልጥሏል። የስዊቾቹ ፓወር ሰፕላይ በፊልተሩ በኩል የሚያፈሰው ጥቂት ከረንት መሄጃ አጥቶ ራኩ ላይ ተቀምጦ ኖሯል። ሽቦውን መልሰው ሲያስሩት ወደ 4.2 ቮልት ወረደ። በሺልድ ኬብል ሁለት ጫፍ ባሉ ኧርዞች መካከል ከ1 ቮልት በላይ መኖር የለበትም። ኪቱን የገዛሁት ለዚያች ትርፍ ነው።

ካርቶኑ ውስጥ የመዳብ ባር (የኧርዝ ሽቦዎቹ ሁሉ የሚታሰሩበት ጠፍጣፋ መዳብ)፣ ስምንት ላግ (ሽቦው ጫፍ ላይ ተጨምቆ በቡሎን የሚታሰር ጫማ)፣ ጥቅል አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ፣ ጥርስ ያላቸው ሮንዴላዎች፣ ቱቦ ቅባት፣ የመሬት ዘንግና ወረቀቱ አሉ።

ባሩ ላይ አፍ የሚከፈትበት ነገር የለም። 6 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 50 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ በቆርቆሮ የተለበጠ ነው። ስለማላምን ጥጉን በቢላ ፈግፈግ አደረግሁት፤ ከብሩ ቀለም ሥር ቀይ መዳብ ወጣ። ከግድግዳው የሚያርቁት ሁለቱ ኢንሱሌተሮችም አይወዛወዙም።

ላጎቹም ጥሩ ናቸው። ሁለት ሁለት ቀዳዳ ስላላቸው በሁለት ቡሎን ይታሰራሉ፤ ባለ አንድ ቀዳዳው ግን ሽቦው በተነካካ ቁጥር እየዞረ ዳዶውን ያላላል። አንገታቸው ላይ ትንሽ መስኮት አለች፤ መዳቡ እስከ መጨረሻው መግባቱን በዓይን ታያላችሁ። ችግሩ እዚህ ላይ መጣ። ላጉ ላይ የተቀረጸው 16 ካሬ ሚሊሜትር ነው፣ ሽቦው ላይ የተጻፈው 10። የመጀመሪያውን በሃይድሮሊክ መጭመቂያ ጨመቅሁት፣ በእጄ ስስበው ወጥቶ መዳፌ ላይ ቀረ። ካርቶኑ ደግሞ «ደንቡን ሙሉ በሙሉ ያሟላል» ይላል። ቲአይኤ-607 የሚለው የአሜሪካኖቹ የቴሌኮም ኧርዝ ደንብ ቢያንስ የሚጠይቀው በእነሱ የሽቦ መለኪያ ቁጥር 6 ሽቦ ነው፤ ይህም 13.3 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ በሜትሪክ የሚያሟላው 16 ነው። ሽቦውን ለብቻው ገዛሁ።

ሮንዴላዎቹን ሞከርኳቸው። ቀለም የተቀባው የራክ አካል ላይ ለስላሳ ሮንዴላ አድርጌ አጥብቄ ቴስተሩን ባስጠጋ ድምፅ የለም። ባለ ጥርሱን አድርጌ ስጠብቅ ቀለሙን ነክሶ ገባና ቴስተሩ ጮኸ። ግን ቴስተር በፀጉር ስስ መንገድም ይጮኻል፤ መገናኘቱን እንጂ ጥራቱን አይነግርም። ስለዚህ በየማሰሪያው ሥር ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እስከ ብረቱ ፈግፍጌ፣ ቅባቱን ቀብቼ አሰርኩ። ለራኩ በሮች ለየብቻ አጭር ሽቦ ሰጠኋቸው፤ ማጠፊያ ቅባት ይጠጣል እንጂ ኧርዝ አያስተላልፍም።

አሁን ወረቀቱ። ሥዕል አንድ ዘንጉን ከሕንፃው ውጭ ለብቻው ትከሉና «ለመሣሪያ ብቻ የሚሆን ንጹሕ ኧርዝ» አድርጉት ይላል፤ ከሕንፃው ዋና ኧርዝ ጋር የሚያገናኝ መስመር ግን የለም። ለጋሼ ባሳያቸው «አንተ ልጅ፣ አንድ ቤት ሁለት አባወራ ይችላል?» አሉኝ። መብረቅ አጠገባችሁ ሲወድቅ በሁለቱ ዘንጎች መካከል በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ሊፈጠር ይችላል፤ ስዊቹ አንድ እግሩ በመብራቱ ኧርዝ፣ ሌላው በ«ንጹሑ» ላይ ስለሆነ ልዩነቱ የሚያልፈው በሆዱ ነው። ዘንግ መጨመር ከተፈለገም ከዋናው ጋር መታሰር አለበት። እኛ ባሩን መብራቱ ከሚገባበት ከዋናው የኧርዝ ባር ጋር ነው ያገናኘነው።

ሥዕል ሁለት ትርፉን ሽቦ «ለወደፊት» ጠቅልላችሁ ከባሩ ሥር ስቀሉ ይላል። ቀጥ ያለ ሽቦ እንኳ በሜትር 1 ማይክሮ ሄንሪ ገደማ ኢንዳክታንስ (በድንገት የሚለወጥን ከረንት የመቃወም ባሕርይ) አለው። የመብረቁ ከረንት በማይክሮ ሰከንድ 1000 አምፔር ሲጨምር በየሜትሩ 1000 ቮልት ያህል ይቆማል ማለት ነው፤ የተጠቀለለው ደግሞ ይብሳል። ትርፉን በፒንሳ ቆርጬ ጣልኩት፤ መታጠፊያዎቹንም ሰፋ አድርጌ አዞርኳቸው።

ሲያልቅ 0.3 ቮልት ለካሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ብርቱ መብረቅ አልፏል፤ ፖርት አልሞተም፤ ቢሆንም በሁለት መብረቅ አልምልም።

ባሩንና ላጎቹን ለብቻቸው የሚሸጥላችሁ ካገኛችሁ እነሱን ብቻ ግዙ። ዘንጉ እኔ ጋ ከበሩ ሥር ተጋድሟል፤ ነፋስ ሲነሳ በሩ እንዳይዘጋ ይይዝልኛል።