የሁዌ የፎቶ ጉዞ፦ ጠዋቱን ግዙ፣ ከሰዓቱን ተዉት

ለቸኮለ ሰው ፍርዱን መጀመሪያ ልንገረው። ሁዌ ሄዳችሁ ሙሉ ቀን የሚፈጅ የፎቶ ጉዞ ልትገዙ ካሰባችሁ የጠዋቱን ብቻ ግዙ። የሐይቁና የዕጣን መንደሩ ክፍል ያወጣችሁትን ዶንግ (የቬትናም ገንዘብ ነው) አያስቆጫችሁም። ከሰዓት በኋላ ያለውን የቤተ መንግሥት ዙረት ግን ቲኬት ቆርጣችሁ በራሳችሁ እግር ብታደርጉት ይሻላል። ሁለቱንም ከፍዬ ነው ይሄን የምለው።

ሁዌን ለማታውቋት፦ መካከለኛው ቬትናም ውስጥ ያለች፣ ከ1802 እስከ 1945 የንጉየን ነገሥታት መናገሻ የነበረች ከተማ ናት (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። 13 ነገሥታት ተፈራርቀውባታል። የነገሥታቱ ግቢና መቃብሮች በ1993 ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። ብዙ ቱሪስት ግን ወደ ሌላዋ የቬትናም ጥንታዊ ከተማ ወደ ሆይ አን ሲያልፍ አንድ ሌሊት አድሮባት ይሄዳል። ሆይ አን ቆንጆ ናት፣ አልክድም። ግን እዚያ ፋኖስ ስር ቆሞ ፎቶ የማይነሳ ሰው ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። ሁዌ ዝምተኛ ናት። ዝናብ ስለሚበዛባት ግድግዳው ሁሉ ጠቁሮ፣ ሽበት አውጥቶ፣ ቀለሙ ተልጦ ነው የምታገኙት፤ ለካሜራ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

የሄድኩት ሚያዝያ ላይ ነው። የሙሉ ቀኑ ዋጋ 1,900,000 ዶንግ ነበር። ዜሮው አያስደንግጣችሁ፣ እዚያ አገር ለቁርስም አምስት አሃዝ ነው የሚከፈለው። በዋጋው ውስጥ መኪና፣ ጀልባና ፎቶ አንሺ የሆነ አስጎብኚ አለ። የመግቢያ ቲኬቶች የሉበትም። አራት ሰዎች ነበርን፦ እኔ፣ ባልና ሚስት፣ እና ክንዴን የሚያህል ሌንስ ተሸክመው የመጡ አንድ ሽማግሌ። ድርጅቱን አልጠራም፤ ስሙ ምንም አያደርግላችሁም፣ ተመሳሳይ ጉዞ የሚሸጡ ብዙ ናቸው፣ ፕሮግራሙም ያው ነው።

መጀመሪያ ቅሬታዬን። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከሩብ ሆቴል በር ላይ እንድንጠብቅ ተነገረን። መኪናው የመጣው 25 ደቂቃ ዘግይቶ ነው። ሌላ ጉዞ ላይ ቢሆን 25 ደቂቃ ምንም አይደለም፣ ቡና እየጠጡ ይጠብቃሉ። ፀሐይ ግን ሹፌር አትጠብቅም። ሐይቁ ጋ ስንደርስ ሰማዩ ቀልቶ ጨርሶ ወደ ብርቱካን እየሄደ ነበር። ሽማግሌው አንድም ቃል ሳይናገሩ ሰዓታቸውን ለአስጎብኚው አሳዩት። እሱም ይቅርታ ጠየቀና መሮጥ ጀመረ፣ እኛም ተከተልነው።

የኔ መከራ ግን ገና ነበር። ካሜራዬ ሌሊቱን ሙሉ ኤሲ ያለበት ክፍል ውስጥ አድሯል። የዚያን አገር ወበቅ የሚያውቅ ያውቀዋል፦ ቀዝቃዛ ሌንስ ይዛችሁ ስትወጡ መስታወቱ እንደ መታጠቢያ ቤት መስተዋት ይታፈናል። ጠረግኩት፣ ተመልሶ ታፈነ። ደግሜ ጠረግኩት፣ ያው። እንዲህ እያልኩ አሥር ደቂቃ ያህል አለፈ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ቦርሳውን ማታውኑ በረንዳ ላይ ወይ ኤሲ የሌለበት ቦታ ላይ ማሳደር። ይቺን አንዲት መስመር ማታ በቴክስት ቢልኩልን ምን ነበረበት?

ቦታው ታም ዣንግ ይባላል። ሐይቅ እያልኩ ነው እንጂ በአሸዋ ክምር ከባሕሩ የተለየ ጥልቀት የሌለው ውኃ ነው፤ ቀጥሎ ካለው ካው ሃይ ጋር ሲደመር 68 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ ስፋቱ ደግሞ ወደ 22,000 ሄክታር ነው። የተሳፈርነው ኳንግ ሎይ የሚባል የመንደር ወደብ ላይ ነው። ውኃው ላይ በሺህ የሚቆጠር የቀርከሃ እንጨት ተተክሏል፤ ከሩቅ ሲያዩት በእርሳስ የተሰመረ ይመስላል። ዓሣው መስመሩን ተከትሎ እየዋኘ ጫፍ ላይ ያለው ወጥመድ ውስጥ እንዲገባ ነው የተሠራው። ፀሐይ ከበስተኋላው ስትወጣ ታዲያ እያንዳንዱ እንጨት ጥቁር ጭረት ይሆናል። ዘግይተንም አየነው። በሰዓቱ ብንደርስ ምን ሊሆን ነበር ብዬ እስካሁን ይቆጨኛል።

አስጎብኚው ዋጋውን ያገኘው እዚህ ነው። አንድ ዓሣ አጥማጅ በትንሽ ጀልባ ቆሞ መረብ ይወረውራል። ሁላችንም ተሯሩጠን አነሳን። አስጎብኚው ካሜራዬን ከጀርባ አየና «ዝቅ በል» አለኝ። ዝቅ አልኩ። «አሁንም ዝቅ!» ጀልባው ወለል ላይ ልተኛ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ምክንያቱን ነገረኝ፦ የሰውዬው ጭንቅላት ከውኃውና ከሰማዩ መገናኛ በላይ መውጣት አለበት፣ አለዚያ መስመሩ አንገቱ ላይ ያልፍና የተቆረጠ ይመስላል። ቆሜ ያነሳኋቸውን አየኋቸው። ሁሉም ላይ ምስኪኑ ሰውዬ አንገቱ ተቆርጧል። ስንት ዓመት ካሜራ ይዤ ስዞር ይሄን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሻተሩንም (ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራ መዝጊያ) አንድ ሺህኛ ሰከንድ ላይ አስደረገን፣ ከመረቡ የሚረጨው ውኃ ጠብታ ጠብታ ሆኖ እንዲቆም፤ ብርሃኑን ደግሞ አንድ ደረጃ አስቀነሰን። ትክክል ነበር።

አምስተኛው ውርወራ ላይ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ሰውዬው መረቡን ከመጣሉ በፊት ወደ አስጎብኚያችን ያያል። አስጎብኚው እጁን ያነሳል፣ መረቡ ይበራል። መረቡ ሲሳብ ምንም የለበትም። ስድስተኛው ባዶ፣ ሰባተኛውም ባዶ። ለካ ሰውዬው ሊያጠምድ ሳይሆን እኛ ልናነሳው ነው የመጣው፤ ተከፍሎታል። ፕሮግራሙ ላይ የተጻፈው ግን «የዓሣ አጥማጆችን የዕለት ኑሮ ያንሱ» የሚል ነው።

ተከፍሎት መቆሙን አልቃወምም። እንዲያውም በርከት አድርገው ይክፈሉት፣ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ሰባት ጊዜ መረብ መወርወር ቀልድ አይደለም። የተናደድኩት ስላልነገሩን ነው። ፎቶውን ለሰው ሳሳይ ምን ብዬ እንደማሳየው ማወቅ አለብኝ። መኪና ውስጥ ይሄንኑ ለአስጎብኚው አነሳሁበት። ልጁ ቀጥተኛ ነው፣ አልተሽኮረመመም። «ዓሣ የሚጠመደው ሌሊት ነው፤ በጨለማ ፎቶ ልታነሱ ነው?» አለኝ። ሽማግሌው ሳቁ። እኔም መልስ አጣሁ። ግን አሁንም አልኩ፣ ጻፉት!

ወደ ወደቡ ስንመለስ ባልና ሚስት የሌሊቱን ወጥመድ አራግፈው ሲመጡ አገኘናቸው። ሚስትየው ጀልባዋ አፍ ላይ ቁጢጥ ብላ ሽሪምፑን ከሸርጣኑ ትለያለች፤ ሸርጣኑን በሁለት ጣት ከኋላው ይዛ፣ ሳታየው፣ ወደ ባልዲው። ባልየው ሲጋራውን ለኩሶ ፊቱን አዙሯል። ማንም እጁን አላነሳላቸውም። ብርሃኑ በዚያ ሰዓት ጠንክሮ ስለነበር ፎቶው ከመረቡ ፎቶ አያምርም፣ ግን ትልቅ አድርጌ ያሳተምኩት እሱን ነው።

ቁርስ ቡን ቦ ሁዌ ነበር፣ የከተማዋ የሥጋ ሾርባ ከነኑድሉ፣ የሎሚ ሣርና በርበሬ ያለበት። ዕንባ ያስወጣል፣ ደስ ይላል። ቀጥሎ የጨው ቡና አመጡልን። ሁዌ ውስጥ የተጀመረ ነገር ነው፤ ከታች ወፍራም ቡናና የቆርቆሮ ወተት፣ ከላይ ጨው ያለበት ክሬም። ፈረንጆቹ ቡና በጨው ሲባል ፊታቸውን አጨፈገጉ፣ እኔ ግን ለዚህ አዲስ አይደለሁም፣ ደገምኩ።

ከዚያ ትዊ ሱዋን፣ የዕጣን መንደሩ። ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፣ ወደ ንጉሥ ቱ ዱክ መቃብር በሚወስደው መንገድ ላይ። ዕጣን ሲባል ከሰል ላይ የሚጨስ ሙጫ እንዳይመጣባችሁ። እዚህ የእንጨት ዱቄት ከቀረፋና ከሌላ ቅመም ጋር ይቦካና በቀጭን የቀርከሃ ስንጥር ላይ ይጠቀለላል። የስንጥሮቹ እጀታ ቀይ፣ ወይን ጠጅ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ይነከራል። ከዚያ የስንጥሮቹ እስር ከታች ጠበቅ ይደረግና ከላይ እንደ አበባ ይዘረጋል። ኢንተርኔት ላይ ያያችሁት ፎቶ ይሄ ነው። አብዛኛው እስር ለፎቶ ተብሎ የተደረደረ ነው፣ ሱቆቹም አይደብቁትም፤ ወይ ትንሽ ትከፍላላችሁ ወይ የሆነ ነገር ትገዛላችሁ። እንዲህ ግልጽ ሲሆን ደግሞ ቅር አይልም።

ሁሉም ከፊት ለፊት አበባው ላይ ሲሻማ አስጎብኚያችን ወደ ጓሮ ወሰደን። አንዲት ትልቅ ሴት ይጠቀልላሉ። ሰላም ያላቸው «ኮ» ብሎ ነው፣ አክስቴ እንደማለት። እኛንም እንዲሁ በሉ አለን። ተንተባትበን አልን፣ ሳቁብን፣ ከዚያ በኋላ ካሜራውን ረሱት። በግራ እጃቸው ስንጥሯን ያሽከረክራሉ፣ በቀኛቸው ሊጡን እንደ መዳፍ ባለ ጣውላ ያሻሉ። ሁለት ጊዜ ወደፊት፣ አንድ ጊዜ ወደኋላ፣ አለቀ። ዱቄት ነከር አድርገው ይወረውሩታል። ጥፍሮቻቸው ሥር ሁሉ ቡናማ ነው። እኔን ሞክር ብለውኝ የሠራሁት ዕጣን መሃሉ እባብ የዋጠ ይመስል ነበር።

ለፎቶ አንሺ አንድ ምክር፦ ቀዩን እስር በቀጥታ ፀሐይ አታንሱት። ካሜራው ቀዩን መሸከም ያቅተውና ስንጥሮቹ ሁሉ አንድ ወጥ ቀይ ቅባት ይሆናሉ። ጥላ ስር ሲሆን እያንዳንዱ ስንጥር ለብቻው ይለያል። ቮንግ ካን ኮረብታ ላይ ወጥተን የሁዎንግ ወንዝን መታጠፊያም አየን። በዚያ ሰዓት ውኃው ነጭ ሆኖ ነበር፣ ይሄኛው የምሽት ቦታ ነው።

ከሰዓት በኋላ ነገሩ ተበላሸ። ልጁ ተሰናበተንና ለሌላ አስጎብኚ አስረከበን። አዲሱ ሰው ታሪክ ያውቃል፣ ፎቶ ግን አያውቅም፣ አያገባውምም። ልክ በ7 ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ እያለች፣ ግቢው ውስጥ ገባን። የመግቢያው በር ንጎ ሞን በ1833 የተሠራ ነው፤ አምስት መግቢያ አለው፣ የመሃሉ የንጉሡ ብቻ ነበር። የመጨረሻው ንጉሥ ባው ዳይ በ1945 ዙፋኑን መልቀቁን ያወጀው እዚሁ በር ላይ ነው። ይሄን ሁሉ በደንብ ነገረን። እኛ ግን የቆምነው ጥላ በሌለበት፣ በማያምር ብርሃን፣ ላብ ዓይናችን ውስጥ እየገባ ነው። ሽማግሌው ትልቁን ሌንስ ቦርሳ ውስጥ ከተቱት፣ ቀኑን ሙሉም አላወጡት።

ግቢው ራሱ ተዓምር ነው፣ ስህተቱ የሰዓቱ ነው። በ1947ቱና በ1968ቱ ጦርነት አብዛኛው ሕንፃ ወድሟል፤ የዙፋኑ አዳራሽ ታይ ሆዋ ታድሶ የተከፈተው በ2024 መጨረሻ ነው። በዚያ ላይ ግማሹ ጎብኚ የነገሥታት ልብስ ተከራይቶ ለብሷል። በየማዕዘኑ ንግሥት አለች፣ ንግሥቲቱም ስልክ ይዛለች። ደስ የሚል ትርምስ ነው፣ አልጠላሁትም። ግን ለዚህ አስጎብኚ ለምን ያስፈልጋል?

በነጋታው ጠዋት፣ በሩ እንደተከፈተ፣ ብቻዬን ተመለስኩ። ቲኬቱ 200,000 ዶንግ ነበር። ረጅሙ ቀይ ኮሪደር ውስጥ ከአንዲት ጠራጊ በስተቀር ማንም አልነበረም። ብርሃኑ በአምዶቹ መሃል እየገባ ወለሉን እየቆራረጠው። አንድ ሰዓት ሙሉ እዚያው ቆየሁ። ከዚያ በኪራይ ሞተር ወደ ንጉሥ ካይ ዲን መቃብር ሄድኩ። ከውጭ ጥቁር ሲሚንቶ ነው፣ 127 ደረጃ ያስወጣችኋል። ውስጡ ግን ግድግዳው በሸክላና በመስታወት ስባሪ የተለበጠ ነው፤ ጠጋ ብላችሁ ካያችሁ የጃፓን ቢራ ጠርሙስ ስባሪም አለበት። ጨለምለም ስለሚል አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን ልክ) ከፍ አድርጉና አምድ ተደግፋችሁ አንሱ። ድሮን ይዛችሁ ለምትመጡ፦ እዚያ አገር ያለ ፈቃድ አይነሳም፣ አትድከሙ።

ስለ መዘግየቱም፣ ስለ ከሰዓቱም ለድርጅቱ ጻፍኩላቸው። ክርክር አላነሱም፣ በማግስቱ 300,000 ዶንግ በፖስታ ሆቴል አስቀመጡልኝ። ስለ መረቡ የጻፍኩትን ግን ዘለሉት።

ለመሄድ ካሰባችሁ ከየካቲት እስከ ነሐሴ ያለውን ምረጡ፣ ከመስከረም በኋላ ዝናቡ አያፈናፍንም። ስትጽፉላቸው «ጠዋቱን ብቻ» በሉ። ዋጋው በግማሽ አይወርድም፤ እኔ ጠይቄ 1,200,000 ነው ያሉኝ፣ ለአራት ሰው ከሆነ ይደራደራሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ መኪናው ስንት ሰዓት በር ላይ እንደሚደርስ፣ እና ዓሣ አጥማጁ ለማን እንደሚያጠምድ።