ቴክኒክስ ኤስ.ኤል 1200 ኤም.ኬ 7፦ በሰው እጅ ለተመታ ድራም የሚታዘዝ ሸክላ ማጫወቻ

ባለፉት ሁለት ዓመታት በዋሽንግተን ዲሲና በሲልቨር ስፕሪንግ በሠራሁባቸው ሠርጎች፣ ምርቃቶችና የቅዳሜ ሌሊት ጭፈራዎች ሁሉ ከፊቴ የነበሩት ሁለት ቴክኒክስ ኤስ.ኤል 1200 ኤም.ኬ 7 ሸክላ ማጫወቻዎች ናቸው። ስለዚህ ዕቃ ያነበብኳቸው አስተያየቶች አብዛኞቹ የሚመዝኑት በኮምፒውተር በተሠራ የዳንስ ሙዚቃ ነው። እኔ ግን የሌሊቱን እኩሌታ የማጫውተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 ዙሪያ አዲስ አበባ የተቀረጹ ሸክላዎችን ስለሆነ፣ ከማጫወቻ የምፈልገው ነገር ከሌሎች ዲጄዎች ትንሽ ይለያል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ልዩነቱ ያለው ፍጥነቱ ላይ ነው። ምቱን ራሱ በሚመታ ድራም ማሽን የተሠራ የሃውስ ዘፈን፣ ማለትም በጭፈራ ቤቶች የሚጫወተው የዳንስ ሙዚቃ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፍጥነቱ አይለወጥም፤ አንዴ ከሌላው ጋር ካስተካከሉት በኋላ እጅን ማንሳት ይቻላል። የእኛ የድሮ ሸክላ ላይ ያለው ድራመር ግን ሰው ነው። ዘፋኙ አዝማቹን ሲደግመው ይሞቃል፣ ሳክስፎኑ ሲገባ ይፈጥናል፣ ግጥሙ ሲመለስ ደግሞ ይረጋጋል። በአንድ ሦስት ደቂቃ ውስጥ ፍጥነቱ በደቂቃ ሁለትና ሦስት ምት ያህል ወዲያና ወዲህ የሚል ሙዚቃ ከማይናወጥ የሃውስ ምት ጋር ለማስኬድ ጣት ከፍጥነት ማስተካከያው ላይ ሊነሳ አይችልም። ይህ የእኔ ብቻ ችግር አይደለም። ዲጄው ፍራንኪ ናክልስ በ1977 ቺካጎ ዌርሃውስ በተባለው ጭፈራ ቤት ማጫወት ሲጀምር በእጁ የነበሩት የዲስኮ ሸክላዎች በአብዛኛው በሰው እጅ የተመቱ ነበሩ፤ የሃውስ ሙዚቃ ስሙን ያገኘው ከዚያ ቤት ነው ይባላል። ዲጄነትን እንደ ሙያ የማከብረው ይህን ማድመጥ ስለሚጠይቅ ነው።

የቴክኒክስ ስም የገነነው ለዚህ ሥራ ስለሚመች ነው። በቀደሙት ማጫወቻዎች ሸክላው የሚቀመጥበትን ሳህን የሚያዞረው በጎማ ቀበቶ የተያያዘ ሞተር ስለነበር፣ ሳህኑን በእጅ ነክተው ሲለቁት ፍጥነቱን እስኪይዝ ይዘገይ ነበር። የቴክኒክስ አምራች የሆነው ኩባንያ ማትሱሺታ በ1970 ኤስ.ፒ 10 በተባለው ማጫወቻ ሞተሩን በቀጥታ ከሳህኑ ሥር አደረገው፤ የመጀመሪያው 1200 በ1972 ወጣ፣ በ1979 የመጣው ኤም.ኬ 2 ደግሞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተተውን የፍጥነት ማስተካከያ ይዞ የዲጄዎች መደበኛ መሣሪያ ሆነ። ምርቱ በ2010 ቆሞ በ2016 ተመለሰ፤ ለዲጄዎች የታሰበው ኤም.ኬ 7 የወጣው በ2019 ነው። ቁልፉን ሲጫኑት በ0.7 ሴኮንድ ውስጥ ሙሉ ፍጥነቱን ይይዛል።

ማስተካከያው ፍጥነቱን በመቶ 8፣ ሲፈለግም በመቶ 16 ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። በመቶ 8 ሲሠራ በደቂቃ 120 ምት ያለው ዘፈን ወደ 110 ይወርዳል፣ ወይም ወደ 130 ይጠጋል። ነገር ግን ፍጥነቱ ሲለወጥ ድምፁም አብሮ ይቀጥናል ወይም ይወፍራል፤ በመቶ 6 ማለት ግማሽ ድምፅ ያህል ነው። ይህን ለጥቅም ማዋል ይቻላል፤ ግማሽ ድምፅ የሚለያዩ ሁለት ትዝታዎችን በዚህ መንገድ አስማምቼ አንዱን ከሌላው አስከትያለሁ። ጉዳቱን ደግሞ ባለፈው ዓመት አንድ ሠርግ ላይ አየሁት። የጥላሁን ገሠሠን አንድ ሸክላ ወደ አምስት በመቶ አፍጥኜው ሳለ፣ ነጭ የለበሱ እናት ከመቀመጫቸው ተነስተው መጡና እጃቸውን ክንዴ ላይ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይኼ የጥላሁን ድምፅ አይደለም» አሉኝ። እውነት ነበር። ማስተካከያውን ቀስ አድርጌ ወደ ዜሮ መለስኩት፤ ድምፁ እየወፈረ ሲመጣ በፊታቸው ላይ አየሁት። ከዚያ ወዲህ ሰዎች በልባቸው የያዙትን ድምፅ ከሁለት በመቶ በላይ አልነካም፤ ፍጥነቱን የምለውጠው የሃውሱን ሸክላ ነው። ኤም.ኬ 7 ለዚህ የተመቸ ነው። የድሮው ኤም.ኬ 2 ማስተካከያ ዜሮ ላይ ሲደርስ ቀጨም ብሎ ይይዛል፣ በዚያ አካባቢም የጣትን ትንሽ ግፊት አይሰማም፤ ይኼኛው ግን በዜሮ ዙሪያ እንኳ ለጥቂቷ ንክኪ ይታዘዛል።

ችክችካን ከሃውስ ጋር ማስኬድ ለሚፈልጉ ወጣት ዲጄዎች አንድ ነገር ልጨምር። ችክችካ ስድስት ትንንሽ ምቶች ለሁለት ተከፍለው ሦስት ሦስት ሆነው የሚሄዱበት ነው። ስድስቱን ምቶች ከሃውሱ ጋር ለማስማማት መታገል አያስፈልግም፤ እግር የሚረግጣቸውን ሁለቱን ዋና ምቶች ይዞ የሃውሱን ከባድ ድራም በእነሱ ላይ ማሳረፍ ይበቃል። የቀሩት በመካከል ሲንሳፈፉ ትከሻ ራሱ መንገዱን ያገኛል።

ሸክላዎቹን ስለማግኘት ብዙ ማለት ይቻላል። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሬከርድስን አቋቁሞ እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎች አወጣ፤ ካሴት ሲመጣ ሸክላው ቀረ። ስለዚህ ዛሬ በእጃችን ያለው በየቤቱ ከአልጋ ሥርና ከሣጥን ውስጥ የተረፈው ነው። የእኔ ስብስብ የተጀመረው አባቴ በጋዜጣ ጠቅልሎ ባቆያቸው አሥራ አራት ሸክላዎች ሲሆን፣ አንዳንዶቹ ሙቀት አጣሟቸዋል፤ ሲዞሩ ጠርዛቸው እንደ ማዕበል ይነሳል፣ ይወድቃል። ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ በኢንተርኔት «ንጹሕ ነው» ተብሎ በብዙ ገንዘብ የገዛሁት ሸክላ ከዳር እስከ መሐል ተጭሮ ደርሶኛል፤ ሻጩም መልስ አልሰጠኝም። እንዲህ ያሉትን ለማጫወት መርፌውን የሚይዘው ክንድ ላይ ያለውን ክብደት ቀስ በቀስ ማስተካከል ያሻል፤ መርፌው በጣም ከቀለለ ይዘላል፣ ከከበደ ደግሞ ዳግመኛ የማይገኝ ሸክላ ይበላል። የኤም.ኬ 7 ክንድ የአባቴን ጠማማ ሸክላዎች አንድም ሳይዘል ይከተላቸዋል፤ በእኔ ሚዛን ከሌላው ሁሉ ይህ ይበልጣል።

ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው። ዕቃው 9.6 ኪሎ ስለሚመዝን ከድሮው ይቀላል፤ ለተሸካሚ ደስ ይላል፣ ነገር ግን እንግዶች እስክስታ ሲወርዱ ወለሉ በሚነቃነቅበት አዳራሽ ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ ካላነጠፍኩ ንዝረቱ ወደ መርፌው ይደርሳል። መርፌ አብሮ አይመጣም፤ የሞተሩን ጉልበትና የማቆሚያውን ፍጥነት የሚለውጡት ትንንሽ ማብሪያዎችም ሳህኑ ሥር ስለሆኑ ሥራ ላይ ሳሉ መንካት አይቻልም። ወደ ኋላ የማዞር ችሎታውን አንድም ቀን አልተጠቀምኩበትም። ገመዶቹ የሚነቀሉ መሆናቸው ግን ትልቅ እፎይታ ነው፤ በድሮዎቹ ገመድ ሲበጠስ ሰውነቱን ፈትቶ መበየድ ግድ ነበር።

በደቂቃ 78 ዙር መዞር መቻሉ ለጭፈራ ቤት አይጠቅም ይሆናል። ይሁንና ተሰማ እሸቴ በ1908 በርሊን ሄዶ የቀረጻቸውን ዓይነት ሸክላዎች ለሚያፈላልግ ሰብሳቢ ዋጋ አለው፤ እነዚያ ሰፊ ቦይ ስላላቸው የተለየ መርፌ ይፈልጋሉ።

ሲወጣ ዋጋው አንድ ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። በደንብ የተያዘ ኤም.ኬ 2 ያለው ሰው እሱን ትቶ ይኼን እንዲገዛ አልመክርም። አዲስ ለሚጀምርና በተለይ የሀገራችንን ሸክላ ለማጫወት ለሚያስብ ግን፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መግዛት ባይችል እንኳ አንዱን ገዝቶ በቤቱ ጆሮውን እያለማመደ ሁለተኛውን ቢጠብቅ ይሻለዋል፤ እኔም ለስምንት ወር ያደረግኩት ይህንኑ ነው።